ቅቤው ለሁለት ሲከፈል

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ዘንድሮ ግን የጠረጠረውም ያልጠረጠረውም እኩል እየተመነጠረ ነው። በርበሬው ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራው ውስጥ ጀሶ፣ ማሩ ውስጥ ስኳር፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ አለ ይባላል። የቱ እውነት፣ የቱ ሐሜት እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው፣ ከገበያ ስንመለስ ከዘንቢሉ ይልቅ ጥርጣሬያችን እንደሚከብደን ነው። እናንተስ? በቀደም የገዛችሁትን ቅቤ በጣታችሁ ፈትጋችሁ፣ በአፍንጫችሁ መርምራችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ አላያችሁትም? እሺ፣ አትመልሱልኝ።

እኔ ከሚሴ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የኬሚስትሪ መምህርን ማንም አያማክረውም። የታመመ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ሕልም ያየ ሸህ ዘንድ ይሄዳል፣ ባጃጁ የቆመበት መካኒክ ይጠራል፤ እኔን የሚፈልገኝ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከማስተምራቸው ነገሮች አንዱ ፌዝ ዲያግራም ይባላል፤ አንድ ነገር በየትኛው ሙቀት እንደሚረጋ፣ በየትኛው እንደሚቀልጥ የሚያሳይ ካርታ በሉት። በዚህ ስም የተነሳ ተማሪዎቼ ምን ሲሉኝ እንደሚውሉ መገመት አያቅታችሁም። ታዲያ ባንድ የሚያዝያ ቀትር ጎረቤቴ ሙሄ በሬን ሲደበድብ፣ ለኬሚስትሪ የመጣ አልመሰለኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙሄ ሚስት ፋጡማ የደጋ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ቤት ሳለች፣ እናቷ እትዬ ዘሀራ ለገንፎዋ የሚሆን ንጥር ቅቤ ውስጡን በሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ሞልተው ወረዱ። ከቤታቸው ሲነሱ ቅቤው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ግን አክብሮት መስሎት ዕቃውን ከሞተሩ ክዳን በላይ አስቀመጠላቸው። ከሚሴ ሲደርሱ ቅቤው ውሃ ሆኗል። «ግድ የለም፣ ያድርና ይረጋል» አሉ እትዬ ዘሀራ። አደረና ረጋ። ግን ግማሹ ብቻ። ከሥር ነጭ፣ አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ተኝቷል፤ ከላይ ደግሞ ጥርት ያለ ቢጫ ዘይት ተንሳፍፏል።

የሙሄ እናት እትዬ ሞሚና ክዳኑን ከፍተው አዩት። እትዬ ሞሚና ሲቆጡ ግማሹ በኦሮምኛ ነው።

«ያ ረቢ! ዳዳ ነው ብለው ዘይት አመጡልን! ኩን ዳዳ ሚቲ! ይኼ ቅቤ አይደለም! ለአራስ? ለገዛ ልጃቸው?»

እትዬ ዘሀራ ለመሄድ ኩታቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «ወላሂ፣ በልጄ አንጀት ላይ ዘይት የማፈስ ሰው አይደለሁም። እንዲህ በተጠረጠርኩበት ቤት ልጄን አልተዋትም፤ ከነሕፃኗ ይዣት እወጣለሁ» አሉ። ፋጡማ አልጋዋ ላይ ታለቅሳለች፤ ሕፃኗም ታግዛታለች። ሙሄ እናቱን ቢደግፍ ሚስቱ ልትሄድበት ነው፣ አማቱን ቢደግፍ እናቱ ሊረግሙት ነው። አሳዘነኝ። ሰው ባንድ ዕቃ ቅቤ ትዳሩ ሲፈርስበት ማየት፣ ምንም ቢሆን፣ ደስ አይልም።

አስታራቂው የሙሄ አባት ሐጂ ኡመር ነበሩ። የግጦሽና የድንበር ጠብ ሲሸመግሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ግቢ ውስጥ የምቀመጥበት ዱካ አስቀምጠውልኝ፣ «በል አንተ መምህር፣ የተማርክለት ቀን ዛሬ ነው» አሉኝ።

እኔም ጀመርኩ። በረዶ፣ አልኩ፣ አንድ ዘር ብቻውን ነው፤ የሚቀልጠው በአንዲት ሙቀት ላይ ነው። ቅቤ ግን ቤተ ዘመድ ነው። ብዙ ዓይነት ስብ አለበት፤ አንዱ ቶሎ ይቀልጣል፣ ሌላው ግትር ነው። የደጋ ብርድ ሁሉንም ባንድ ላይ ያረጋቸዋል። እሳት ሁሉንም ባንድ ላይ ያቀልጣቸዋል። የከሚሴ ሚያዝያ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ግማሾቹን ያቀልጣል፣ ግማሾቹ ላይ አይደርስም። ስለዚህ የቀለጠውና የረጋው፣ ማንም ማንንም ሳያሸንፍ፣ ባንድ ዕቃ ውስጥ ተጎራብተው ይኖራሉ። የሐጂን ከዘራ ተቀብዬ ካርታውን መሬት ላይ ሣልኩት። ከላይ ሁሉም የቀለጠበት አገር፣ ከታች ሁሉም የረጋበት አገር፣ መሀል ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ የተለጠጠች ቦታ።

ሐጂ ሥዕሉን ዞር ዞር እያሉ አዩት።

«ይኼ የመሀሉ መሬት የማን ነው?»

«የሁለቱም ነው፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው ክርክር አይጠፋውም። እንደ ጨፋ ሜዳ ግጦሽ ነዋ! በበጋ አንዱ ይገባል፣ በክረምት ሌላው ይገፋል። ዱጋዳ፣ እውነት ነው፣ ገብቶኛል።»

ለዓመታት ካስተማርኳቸው ተማሪዎች ይህን ያህል የገባው አልነበረም። እትዬ ሞሚና ግን በሥዕል የሚታለሉ አይደሉም። «ዘይትም ቢጨመርበት እንዲሁ አይሆንም?» አሉኝ። ይሆናል። ቅቤ አንጓች አይደለሁምና ይሆናል አልኳቸው። ከዚያ በራሳቸው ላም ቅቤ እንሞክረው አልኩ። «የእኔን ቅቤ ልትጠረጥር ነው?» ብለው ሊበሉኝ ደረሱ፤ ሐጂ ተቆጥተው አስመጡት። በእጃቸው የናጡት፣ በእጃቸው ያነጠሩት ቅቤ ቀልጦ፣ ተከድኖ አደረ። በማግሥቱ ቁጭ ብለን ከፈትነው። ከሥር ነጭ፣ ከላይ ቢጫ።

እትዬ ሞሚና ዕቃውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ተነሥተው የእትዬ ዘሀራን ትከሻ ሳሙ። «አፉ በሉኝ» አሉ። እትዬ ዘሀራም አለቀሱ፤ ሁለቱ አፉ ተባባሉ፤ ሐጂ ዱዓ አደረጉ። እኔ በዚያው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «መከፈሉ ዘይት እንዳለበት አያሳይም፤ ዘይት እንደሌለበትም አያሳይም» አልኩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሁሉም ሰማ። ሁለተኛውን እልልታው ዋጠው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወሬው ከሙሄ ግቢ ወደ ከሚሴ ገበያ፣ ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲሄድ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ግን በየደረሰበት ትንሽ ትንሽ እየቀለለ ሄደ። «የተከፈለ ሁሉ ዘይት አለበት ማለት አይደለም» ብዬ የላክሁት፣ «እውነተኛ ቅቤ ይከፈላል፣ መምህሩ ነው ያለው» ሆኖ ተመለሰልኝ። ገዢው ዕቃውን ገልብጦ ቢጫዋን መፈለግ ጀመረ። ቢጫዋን ያጣ ቅቤ፣ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ሳይሸጥ ይገባል። ነጋዴ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ገዢው የሚፈልገውን ቢጫ ከየት እንደሚያመጣው እናንተም አታጡትም። በሳይንስ ስም በከሚሴ የተሠራ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ሆነ።

ታኅሣሥ መጣ። እትዬ ዘሀራ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ በማለዳ መኪና ወረዱ። ያን ዕለት ብርዱ ከደጋ አብሯቸው የወረደ ይመስል ነበር። ቅቤውን እስከ መጨረሻው ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ነበርና ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ደረቅ፣ ነጭ ሆኖ ደረሰ። ሙሄ በዙህር ሶላት ሰዓት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቶሎ ድረስልኝ፤ ቅቤው አልተከፈለም!»

ስደርስ እትዬ ሞሚና ዕቃውን አንሥተው ከሥሩ ያያሉ። «እኔ ምንም አላልኩ» አሉኝ፤ «ግን የታለ ቢጫው? አንተው ራስህ አይደለህም ያልከው?» ብርድ ነው፣ በብርድ ሁሉም ይረጋል፣ አልኩ። ያን ሁሉ የሣልኩትን ካርታ ማንም አላስታወሰውም። እትዬ ዘሀራ አልተቆጡም፤ ከቁጣ ያለፉ መሰለኝ። ኩታቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዙ። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት ገብተው የፋጡማን የዘይት ጠርሙስ ይዘው ወጡ፤ ሁላችን እያየን ከንጹሑ ቅቤ ላይ አፈሰሱበት።

«እንካችሁ» አሉ። «አሁን ታማኝ ሆንኩ?»

እትዬ ሞሚና አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ሐጂ ኡመር ከመስጊድ ተመልሰው ገቡ። የሆነውን አላዩም። ዕቃውን ብቻ አዩ፤ ከሥር ነጭ፣ ከላይ ቢጫ።

«ማሻአላህ!» አሉ፣ ጎንበስ ብለው። «ይኼ ነው እንጂ ቅቤ! ዘሀራዬ፣ ከአንቱ በቀር ይህን ማን ያመጣልናል?»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ሞሚና ናቸው። በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፍነው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሐጂ ምን እንደተሳቀ ግራ ገብቷቸው ተራ በተራ ያዩናል። እትዬ ዘሀራም ኩታቸውን ከብብታቸው አውጥተው አልጋው ላይ ጣሉትና ተቀመጡ።