የአውራ ጣቴ ግርማ ሞገስ

በሽታም እንደ ሰው ዕድል አለው። ወባ ያመመው ሰው "አይዞህ" ይባላል፤ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣለታል። ሪህ የያዘው ሰው ግን መጀመሪያ የሚታየው ኪሱ ነው። "የሀብታም በሽታ አይደል እንዴ! ብቻህን ስትበላ ከርመህ ነዋ!" ይሉታል። እኔ ጋምቤላ ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከሀብታም የወረስኩት ነገር ቢኖር ይኸው በሽታ ብቻ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ የእግር አውራ ጣት ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ሙቀቱ የጋምቤላ የካቲት ነው።

የያዘኝ ደግሞ በማይሆን ጊዜ ነው። የሟቹ ባልንጀራዬ የኦኬሎ ልጅ፣ አሪየት፣ ልታገባ ነው። ኦኬሎ ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ አጥር ለአጥር ተጎራብተን ኖረን ያለፈ ሰው ነው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሙሽራዋን ይዞ የሚገባው አባት ነውና፣ አሪየት መጥታ "ቲቸር፣ አንተ ነህ የምታስገባኝ" አለችኝ። እዚህ አገር አንቱታ ብዙ ገበያ የለውም፤ እኔን ግን ያ "አንተ" አስለቀሰኝ። እምቢ የሚል አንደበት ከየት ይመጣል?

አሪየት ጤና መኮንን ስለሆነች ሐኪሜም እሷው ናት። ደሜን አስመርምራ፣ "ሥጋ ተው፤ ጉበትና ኩላሊትማ ጭራሽ እንዳትነካ። ቢራ ተው። ውሃ ጠጣ። ይቺን ክኒን በየቀኑ ዋጥ፤ ሕመሙ ሲለቅህም እንዳታቋርጥ" አለችኝ። በሆዴ ሳቅሁ። ጎጃም ተወልጄ፣ ሁዳዴ ስጾም አድጌ፣ ሥጋ መተው ሊከብደኝ?

ጾምኩ። እንዴት ያለ ጾም መሰላችሁ! ምሳ የባሮ ዓሣ ጥብስ፣ እራት የጭንቅላቱ ሾርባ። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ እኔ በበኩሌ ባሮ ዳር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ፍርዱን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። እግሬን ሻል ሲለኝ ደግሞ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለዳነ ሰው ክኒን ምን ይሠራል? ልክ በሠርጉ ሳምንት አውራ ጣቴ መልሱን ሰጠኝ።

አሪየት ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ሾርባዬን ሳጣጥም ደረሰችብኝ።

"ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዓሣ ነዋ! ሥጋማ ከተውኩ ቆየሁ።"

"ዓሣ ሥጋ ካልሆነ ምንድን ነው? ጎመን ነው?"

ዓሣ እየበላች ያደገች የአኝዋ ልጅ ናት፤ በዓሣ ጉዳይ ከእሷ ጋር ክርክር አይገጠምም። ሳቀች። ስለ ክኒኑ ስትጠይቀኝ መሳቢያውን ከፍቼ ያቋረጥኩትን ሳሳያት ግን ሳቋ ጠፋ። "በቃ፣ ብቻዬን ልግባ?" አለችኝ። ያቺ ጥያቄ ከጣቴ በላይ አመመችኝ። የእብጠት መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ሾርባውን ወሰደችብኝ፣ ውሃ በጆግ አቀረበችልኝ፤ እኔም እንደ ተማሪ የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግኩ።

የሠርጉ ዕለት ጫማዬ እንደምንም ገባልኝ። ከበሩ እስከ መድረኩ ያለው መንገድ ግን ከጋምቤላ እስከ ሩቋ መቲ ከተማ የሚወስድ መሰለኝ። ዘማሪዎቹ አንዱን መዝሙር ጨርሰው ሌላ ጀመሩ፤ እኛ ገና መሐል ነን። አሪየት ክንዴን የያዘች መስላ ክብደቴን ተሸክማዋለች። በዚያ ላይ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ "ክኒኑን ውጠሃል?" ትለኛለች። ጥርሴን ነክሼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ተራመድኩ። እንባዬም መጣ፤ ግማሹ ለኦኬሎ፣ ግማሹ ለጣቴ።

ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። "ያ ደገኛ ምን ዓይነት ግርማ ሞገስ አለው! ሙሽራ ማስገባት ማለት እንዲህ ነው" ተባለልኝ። እኔም አላስተባበልኩም።

ከዚያ ወዲህ ልብ ገዝቻለሁ። ክኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ውሃዬን እጠጣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ባሮ ድልድይ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ዓሣም አልፎ አልፎ፣ ያውም በአሪየት ፈቃድ ነው። ሰሞኑን ታዲያ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ቤቴ ድረስ መጥታ፣ "የእኔንም ልጅ በዚያው አረማመድ አስገባልኝ" ብላ ለመነችኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ይኸው ግቢዬ ውስጥ ስለማመድ ሰነበትኩ፤ አልሆነልኝም።

ድኛለሁ።