ታንኳውን ማን አደረቀው?

በእኛ ጊዜ ነገር እየፈጠረ የሚያወራ ልጅ ይገረፍ ነበር፤ ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጠዋል። ቀንቼ እንዳይመስላችሁ። እሺ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ። እኔ ደብሬ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ በር ላይ ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒና መጠረዣ ይዤ የተቀመጥሁ ሴት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በመስኮት በኩል ነው፤ ተማሪው ጽሑፉን ያመጣል፣ እኔ እተይባለሁ፣ ስተይብ አነባለሁ። ስለ ጤፍ አረም አንብቤያለሁ፣ ስለ ሲሚንቶ አንብቤያለሁ፣ ስለ ባልና ሚስት ፍቺ ከአንድ ዳኛ በላይ አንብቤያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው፤ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ያልቃል። ስለዚህ ለመመረቂያው ልብ ወለድ የጻፈ ተማሪ ደጄ ሲቆም ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሞቶ ወይ ተጋብቶ የሚያልቅ ነገር ልጠርዝ ነው!

ናትናኤል ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚማረው የፈጠራ ጽሑፍ ነው። ልብ ወለዱን ያመጣልኝ በአራት ደብተር፣ በእጅ ጽፎ ነው። ኮምፒውተር ስሜት ይገድላል አለኝ። የእኔን ስሜት የሚገድለው የእሱ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን ለጊዜው ዋጥሁት።

ታሪኩ ጣና ላይ ነው። አንድ ጎረምሳ የሚወዳትን ልጅ ለሌላ ሊድሩበት ሲሉ ከአገር ይጠፋል፤ ሲሄድ ታንኳውን ዋርካ ሥር፣ ውኃው ላይ አስሮ ይተወዋል። ከሁለት ወር በኋላ ይመለስና ልጅቱን፣ ሻንጣዋንና ራሱን እዚያው ታንኳ ላይ ጭኖ ወደ ደሴቱ ይቀዝፋል። ጨረቃ ትወጣለች።

ጣቴ ቆመ። አባቴ ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት በታንኳ ሲያመላልስ አይቼ ያደግሁ ነኝ። ታንኳ ከደንገል የታሰረ ነው፤ ሣር በሉት። ከውኃ በወጣ ቁጥር ዳር ላይ አቁመው ካላደረቁት ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይሰጥማል። ሁለት ወር ውኃ ላይ የከረመ ታንኳ እንኳን ሁለት ሰውና ሻንጣ፣ እንቁራሪት አይሸከምም። ልጁ ሲመጣ ደብተሩን ይዤ ጠበቅሁት።

«ናቲ፣ ልጆቹን ልታሰጥማቸው ነው እንዴ?»

«እንዴት እትዬ?»

ነገርሁት። ሳቀ። «እትዬ ደብሬ፣ ፈጠራ እኮ ነው!»

«አንተስ ፈጠራ መሆኑን አወቅህ፤ ደንገሉ በምን ይወቅ?»

«ግድ የለም፣ ይተይቡልኝ። አንባቢ እንደዚህ አይመረምርም።»

እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?

እልህ ክፉ ነው። ያቺ ገጽ ላይ ስደርስ ጣቴ በራሱ መንገድ ሄደ። ጎረምሳው ሲሄድ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ዋርካው ላይ አስደግፎ አቆመው። ልጅቱ ማለዳ ማለዳ በመስኮት ታያለች፤ ታንኳው ከቆመ ጎረምሳው አልመጣም ማለት ነው። አንድ ማለዳ ቦታው ባዶ ሆነ። ልጅቱ ሻንጣዋን አነሣች። ጨረቃ አላስገባሁም፤ ቸኩዬ ነበር።

ተይቤ ስጨርስ «አንብበው» አልሁት፤ «ስሜቱ ይበርድብኛል» አለኝ። እኔም ጠርዤ ሰጠሁት።

ጽሑፉን ፈታኞች ፊት በሚያቀርብበት ቀን እናቱ ከአዲስ አበባ መምጣት ስላልቻሉ «እንደ ቤተሰብ ይቀመጡልኝ» ብሎ ለመነኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ለፈታኞች የተገዛውን ብስኩት ታቅፌ ከኋላ ተቀመጥሁ። ከሌላ ከተማ የመጡት ፈታኝ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያሳረፉ ሽማግሌ፣ መጽሐፉን አገላብጠው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ሰማንያ አንደኛውን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚህ ሁሉ ገጽ ጨረቃ ያልወጣችበት እሱ ብቻ ነው። ማን ጻፈው?»

የሆንሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን የፊርማው ገጽ ትዝ አለኝ። የጽሑፉ መጀመሪያ ላይ «ይህ ሥራ የራሴ ነው» የሚል፣ ተማሪው የሚፈርምበት ገጽ አለ፤ የስንቱን ተማሪ የተየብሁት እኔው ነኝ። የሌላ ሰው ጽሑፍ የተገኘበት ሁለት ዓመቱ ገደል ይገባል።

ናቲ ገጹን ገለጠ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበው፤ የራሱን መጽሐፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እኔ ነኝ» ቢል ማን ያውቃል? እኔና ደንገሉ ብቻ።

«የእኔ አይደለም» አለ።

እግሬ ሳያማክረኝ ቆመ። «የእኔ ነው» አልሁ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የተየብሁት ነኝ።»

«ሥነ ጽሑፍ ተምረዋል?»

«አልተማርሁም። ታንኳ ግን አውቃለሁ።»

አስወጡን። ኮሪደሩ ላይ ብስኩቱን መሐላችን አድርገን ተቀመጥን። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ «እትዬ፣ እውነት ታንኳ ይቆማል?» አለኝ። ሁለት ዓመት! ሐይቁ እኮ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ልጁ ጣናን የጻፈው ዶርም ውስጥ ተኝቶ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ ሲያስተምሩት፣ ሂድና እየው ያለው አልነበረም። ብለውት ሳይሰማ ቀርቶም ይሆናል፤ መምህራኑን አልወቅስም፣ ደንበኞቼ ናቸው።

በሩ ተከፈተ። እውነቱን ስለተናገረ ማሩት፤ ነገር ግን ያቺን ገጽ አውጥቶ፣ በአንድ ወር ውስጥ በራሱ እጅ ካልጻፋት ዲግሪ የለም። ብስኩቱም ተበላ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወሰድሁት። ታንኳዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፣ ውኃቸው ጠብ ጠብ ይላል። ናቲ አንዱን ነካው፣ አሸተተው፤ ዓሣ አጥማጁን አስፈቅዶ ሊያነሣው ሲሞክር ከነታንኳው ዘጭ አለ። ደብተር አላወጣም። ተመስገን አልሁ።

አዲሷ ገጽ በሳምንቷ መጣች። ጎረምሳው ርጥብ ታንኳውን ሊያቆም ሲታገል ይወድቃል፤ ልጅቱ ትስቅበታለች፤ ከዚያ አብረው ያቆሙታል። ከእኔዋ ትሻላለች። ይህን የምለው ጥርሴን ነክሼ ነው። እንዳለች ተየብኋት። መጨረሻዋ ላይ ግን፣ እንደ ፈራሁት፣ ጨረቃ ወጣች። በጠራራ ፀሐይ! ጣቴ መሰረዣው ላይ አረፈ። ቆየ። አነሣሁት። ጨረቃዋ የእሱ ናት፤ ትውጣ።

ከዚያ ወዲህ በሬ ላይ «ጽሑፍዎን ሳንነካ እንተይባለን» የሚል ለጥፌያለሁ። ወሬው ግን ፔዳን አዳርሷል። ተማሪው ማስታወቂያውን አንብቦ ይገባና፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ቢነኩልኝስ?» ይለኛል።

እኔም ወደ ሐይቁ የሚሄደው ባጃጅ የሚቆምበትን በጣቴ አሳየዋለሁ።