ወንበዴውን እንዴት እንደተረጎምሁት

ከሥራ ሁሉ የባሰ ሥራ አስተርጓሚነት ነው። ሌላው ይሳደባል፣ የምትገረፈው አንተ! «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው፤ ከማን አፍ እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

በጃንሆይ ዘመን ነቀምት አስተማሪ ሳለሁ፣ ከትሪኒዳድ የመጣ ሚስተር አልፍሬድ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ። እኛ ቅበላን በቅርጫ ሥጋ እንደምንሸኘው፣ በአገሩ ጭምብል አጥልቀው እየጨፈሩ ይሸኙታል አሉ። አንዱ ረጅም እንጨት ላይ ቆሞ ከቤት ክዳን በላይ ይሄዳል፣ ሌላው ሰይጣን ይሆናል። ሚስተር አልፍሬድ ግን የሚሆነው ወንበዴ ነው። ይህ ወንበዴ ስለት አይመዝም፤ በፉከራ ብቻ ነው የሚዘርፍ። ይችን ጨዋታ ለዘውድ በዓል ካላሳየሁ ብሎ ድርቅ አለ። ተው ብለው ማን ሰምቶኝ!

በዕለቱ ሜዳው ከሩቆቹ ወረዳዎች ከቢላና ከኑኑ ቁምባ ሳይቀር በመጣ ሰው ሞልቷል። የአውራጃው ገዥ፣ ፊታውራሪ፣ ለበዓሉ በተጣለው ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ሚስተር አልፍሬድ ሰፌድ የሚያክል ዘርፋም ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ፊሽካውን እየነፋ ዘሎ ፊታቸው ተገተረ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «ተንበርከኩ! እኔ ስወለድ ፀሐይ ደንግጣ ጠልቃለች! አባቴ ቁርሱ ንጉሥ ነበር! ያላችሁን ወዲህ በሉ!» ብሎ ፎከረ።

ንጉሥ ለቁርስ! ያውም በዘውድ በዓል! እሱን ቢበዛ በመርከብ ወደ አገሩ ይሸኙታል፤ የኔ ወህኒ ቤት ግን ከገበያው ማዶ ነው።

«ምን አለ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ጌታዬ፣ ‹አባቴ ከንጉሥ ጋራ ቁርስ የቆረሰ ነው፤ ፀሐይ እንኳ ግርማዎን ፈርታ ትጠልቃለች› ነው የሚለው።»

ወደ ሕዝቡ ዞሬ ደግሞ በኦሮምኛ፣ «እንግዳው ይመርቃችኋል! ዝናሙ ይዝነም፣ ከብቱ ይርባ፣ ያላችሁ ይብዛ ይላል» አልሁ።

ሜዳው «ሃ ተኡ! ይሁን!» እያለ ተነቃነቀ። ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ የቢላ ሽማግሌ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ተነሡና፣ ለገዥው ያመጡትን ገንቦ ማር ወንበዴው እግር ሥር አኖሩት። «ገለቶሚ ልጄ፣ ተባረክ፤ እዚህ ቆሞ እኛን የመረቀ ሰው አይተን አናውቅም» አሉ።

ሚስተር አልፍሬድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስፎክር አንድ ሰው እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ምን ብለሃቸው ነው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

ፊታውራሪ ዓይናቸው ከማሩ አልተነቀለም። በዓሉ ሲያበቃ አስጠሩኝ።

«አንተ! ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ስከርም ቋንቋቸውን ያልለመድሁ መሰለህ?»

አለቀልኝ አልሁ። ልጆቼ ታዩኝ።

«ያንን ፉከራ እንዲያ ካሳመርኸው፣ ከነገ ጀምሮ የኔን ንግግር ለሕዝቡ በኦሮምኛ የምትተረጉም አንተ ነህ።»

ይኸው ዓመታት ሙሉ አብሬያቸው ዞርሁ። እሳቸው «ያላችሁን ወዲህ በሉ» ይላሉ፤ እኔ «ያላችሁ ይብዛ» እላለሁ፤ ማሩ ይመጣል። ፊታውራሪ ግን ባርኔጣም ፊሽካም አላስፈለጋቸውም።