እትዬ ጥሩወርቅና የዒልሚ አከርካሪ

በየግቢው ሳይማር የተመረቀ አንድ ሐኪም አይጠፋም። የሂባቅ ግቢ ሐኪም ክብርት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። «እኔ የማላውቀው የሕፃን በሽታ ገና አልተወለደም» ይላሉ።

የሂባቅ ልጅ ዒልሚ ሲወለድ እጅና እግሩ አጠር፣ ግንባሩ ጎላ ያለ ነበር። የሐኪም ቤቱ ሐኪም ከዘር የሚነሣ የአጥንት እድገት ችግር መሆኑን ነገራት፤ ያጠፋችው ነገር የለም። የሚዋጥ ክኒን አላዘዘም። ያዘዘው ክትትል ነው፤ በየቀጠሮው የጭንቅላቱ ዙሪያ ይለካል፣ ሲተኛ ትንፋሹ ይጠበቃል፣ ወገቡ እስኪጠና ደግሞ ማንም አያስቀምጠውም።

«ልጅ ካልተሳበ በምን ይረዝማል? የሰሊጥ ዘይቱን አምጪ!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ኧረ አቦ እትዬ! አንገቱ ያሰጋል ተብያለሁ።»

«ያ ሐኪምሽ አጭር ነው አይደል? ማን አሽቶት! ይኸው ቀረ።»

አንድ ቀን ሂባቅ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ ዒልሚ ሳፋ ውስጥ በትራስ ተደግፎ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ተቀምጦ ጠበቃት። ለክርክር አቅም አልነበራትም። የቀጠሮው ዕለት ሁለቱንም ባጃጅ ላይ ጫነቻቸው።

አጭሩ ሐኪም የእትዬን ጣት ይዞ በሕፃኑ ጀርባ ላይ አስኬደው። «ይህ ጉብታ አሁን ለስላሳ ነው። ያለጊዜው ካስቀመጣችሁት እንደጎበጠ ይጠነክራል። ነርቩን ከተጫነው እግሩም ላይታዘዝለት ይችላል።»

እትዬ ጥሩወርቅ እስከ ቤት ድረስ የገዛ ወገባቸውን ሲዳስሱ ሄዱ። ሂባቅ አመማቸው ብላ ሰጋች።

በማግስቱ ግቢው አዋጅ ሰማ። «ይህን ልጅ ያስቀመጠ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው! እኔ ድሮም ብያለሁ!» የሂባቅ ባል እናት ከቢዮ አዋሌ መጥተው ልጁን በትራስ ደገፍ ሊያደርጉት ሲሉ፣ እትዬ ከእጃቸው ነጠቁት። «ምነው እመቤቴ፣ አከርካሪ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም?»

ከሰዓት በኋላ ድሬ ሙቀቷን ሽሽት ስትጋደም ሂባቅ ብቻ አትተኛም። ዒልሚ ከተወለደ ጀምሮ ትንፋሹ እንዳይቆም ስትፈራ ዓይኗ አልተከደነም። አንድ ቀን እትዬ መጥተው ከፍራሹ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጋደም በዪ። እኔ አዳምጠዋለሁ። ካቆመ ቀስቅሼው፣ አንቺንም ቀስቅሼ፣ ሐኪም ቤት እንበራለን።»

ሂባቅ ልታመሰግን አፏን ስትከፍት እንቅልፍ ቀደማት።

ስትነቃ ጥላው ግቢውን ሞልቷል። እትዬ ጥሩወርቅ ጆሯቸውን ልጁ አፍ ላይ እንደደገኑ ናቸው፤ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«ልጁስ ደህና ተንፍሷል» አሉ በሹክሹክታ። «አንቺ ግን ነገ ሌላ ክፍል ትተኛለሽ። ስታንኮራፊ እሱን መስማት አቃተኝ።»