በዓመቱ በሁለት አውቶቡስ

በ2008፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት መጨረሻ፣ ከኧርቪንግ ከተማ የተነሳን ሃያ ሐበሾች ቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ወዳለች አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ሄደን ሁለት ሌሊት አደርን። ጣጣው የመጣው ስንሰናበት ነው።

መንደሯ መንገዱ አልቆ ባሕሩ የሚጀምርበት ላይ ናት። ቤቶቹ ማዕበል እንዳይወስዳቸው በረጃጅም ግንዶች ላይ ቆመዋል። ቅርስ የሚባለው አንድ አሮጌ የመርከብ መብራት ማማ ነው። አስጎብኚዋም፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትም፣ ሾርባ ሠሪዋም ሚስ ሊንዳ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ባሕር ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እንደ ጠበል ያልተረጨ አልነበረም።

ስንወጣ ሚስ ሊንዳ፣ እንግዳ ካልበረከተ ቤቱን መዝጋታቸው እንደማይቀር ነገሩን። የጉዞው መሪ ጋሼ ግርማ እጃቸውን ጨብጠው፣ «በዓመቱ በሁለት አውቶቡስ እንመጣለን!» አሏቸው። አጨበጨብን።

እናንተም እኔም ይህን እናውቀዋለን። የሐበሻ «እንመጣለን» ምርቃት እንጂ ቀጠሮ አይደለም። «ኮል አደርግልሃለሁ» ብሎ የተለየህ ሰው ስልክ ቁጥርህን እንኳ አልያዘም።

በዓመቱ ሚስ ሊንዳ ደወሉልኝ፤ ካርዴን ሰጥቻቸው ነበር። ሌላ እንግዳ መልሰው ክፍሎቹን ሁሉ ለእኛ ይዘዋል። «ሾርባውን ለስንት ሰው ላድርገው?» አሉኝ።

በወገኔ አፍሬ ላብ አጠመቀኝ። ጋሼ ግርማን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዜና ሥራ ነው፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን እለያለሁ። «በእኛ ዘንድ እንዲያ ማለት ማመስገን ነው። የሚመጣ የለም» አልኳቸው።

«ታዲያ የምር ስትመጡ ምን ትላላችሁ?» አሉኝ።

«ምንም። ዝም ብለን እንመጣለን።»

አልሳቁም።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ግርማን አዲሰን በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘኋቸውና አንገቴን ብቻ ነቅንቄ አለፍኩ። ባዶ ቃል የሚሰጥ ሽማግሌ አልወድም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ግርማ ናቸው፤ ከድምፃቸው ጀርባ ነፋስና የወጣቶች ጫጫታ ይሰማል።

«አንተ ሰው! የኧርቪንግ ሰው ኦኬ እያለ ሲያጉላላኝ የዴንተን ዩኒቨርሲቲ ሐበሻ ተማሪዎችን ሰብስቤ፣ ሁለቱንም አውቶቡስ ሞልቼ መጣሁልህ። ሴትዮዋን ድንገት ደስ ላሰኛቸው ብዬ አልደወልኩም ነበር። በሩ ላይ ግን ‹ይሸጣል› የሚል ተለጥፏል። ጎረቤታቸው ትናንት ዕቃቸውን ጭነው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ ይለኛል። አንተ መቼም ጋዜጠኛ ነህ፣ የሰማኸው ነገር አለ?»