እማማ ደህና እና የእኛ አራት ወረቀቶች

በየቤተሰቡ አንድ «ደህና ነኝ» ባይ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አይጠፋም። ቤቱ እየተቃጠለ ብትደውሉለት «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ሞቀኝ እንጂ» ይላችኋል። መኪና እግሩ ላይ ቢወጣበት ሾፌሩን «አይዞህ፣ ሌላ እግር አለኝ» ብሎ ያጽናናል። እኔ የእነዚህን ሰዎች ሁሉ የበላይ አውቃቸው ነበር፤ ክብርት እማማ ደህና። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ አራት ተማሪዎች ነን። እሳቸው አያውቁም ብለን ነበር፤ ያውቁ ነበር።

የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለን ትምህርት ቤታችን ከሕክምና፣ ከነርስነት፣ ከፋርማሲና ከፊዚዮቴራፒ አንድ አንድ ተማሪ እያውጣጣ በቡድን አደራጀን። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አረጋዊ ተሰጠው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ፣ መመርመር፣ ከዚያ አብሮ ተቀምጦ ተወያይቶ አንድ የጋራ ወረቀት መጻፍ ነበር ሥራው። ኃላፊያችን ሠላሳ ዓመት በነርስነት ያገለገሉ መምህርት ነበሩ።

«ያረጀ ሰው ሕመሙን ለአንድ ሰው አይነግርም፤ ቆራርሶ ነው የሚያድለው። ቁርጥራጩን የምትገጥሙት እናንተ ናችሁ» አሉን በመጀመሪያው ቀን።

ሁላችንም ጻፍነው። እኔማ ከሥሩ አሰመርኩበት። ማስመርና መስማት ለየቅል መሆናቸውን ያኔ አላወቅኩም።

እማማ ደህና የሰባ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላሉ እንጂ መስኮቱ ሥር ያለችው ባለ ፔዳል የስፌት መኪናቸው ጡረታ አልወጣችም። የሰፈሩ ሱሪ ሁሉ የሚያጥረውም የሚሰፋውም እዚያው ነው።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና። አንተ ግን ከስተሃል፤ እንቅልፍ የለም እንዴ?»

በአንድ እጃቸው የደም ግፊታቸውን ስለካ በሌላው እጃቸው የጋወኔን ስፌት ይመረምራሉ። «ይሄን የሰፋው ሰው ዋጋ ተቀብሎበታል?» ይላሉ። አንድ ቀን እጀጌው ረዝሞብሃል ብለው አስወለቁኝና እስኪያሳጥሩት ድረስ በሸሚዝ ቆሜ ቀረሁ። የፊዚዮቴራፒው ተማሪ እግርዎን ያንሱ ሲላቸው «መጀመሪያ አንተ ይሄን ክር በመርፌ አስገባልኝ» ብለው ሩብ ሰዓት አስለፉት። ምርመራው ሲያልቅ እሳቸው የታናሽ እህቴን የፈተና ውጤት ሳይቀር አውቀው፣ እኔ ግን «ደህና» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዤ እወጣ ነበር።

ለሌሎቹ ግን ቆራርሰው አድለዋል። ለፋርማሲዋ ተማሪ መሳቢያቸውን ከፍተው የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች አሳዩአት፤ ከሰፈሩ ክሊኒክ አንድ ካርቶን፣ ከትልቁ ሆስፒታል ሌላ ካርቶን። እሷም የሁለቱንም ስም ጽፋ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ለነርሲንግ ተማሪዋ ብርጭቆ አብረው ሲያጥቡ «ውሃ እንኳ ትቻለሁ፤ መጸዳጃ ቤት መመላለሱ ሰለቸኝ» አሏት። ለፊዚዮቴራፒው ልጅ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከወንበር ስነሳ ቤቱ ይዞርብኛል። ለዶክተሩ እንዳትነግረው፣ ልጁ ይደነግጣል» አሉት። እሱም ለእኔ ሳይነግረኝ ወረቀቱ ላይ ጻፈው።

ዶክተሩ እንግዲህ እኔ ነኝ። ገና ሳልመረቅ ራሴን የቡድኑ ሊቀ መንበር አድርጌ ሾሜ ነበር፤ የመረጠኝ ሰው አልነበረም።

«ዛሬ እንኳ ትንሽ ተቀምጠን እናውራ። እኔ የሰማሁት ነገር አለ» አለችኝ የነርሲንግ ተማሪዋ በአምስተኛው ሐሙስ።

«ወረቀትሽ ላይ ጽፈሽው የለ? በቃ፣ አያይዘዋለሁ።»

አራቱን ወረቀቶች በስቴፕለር አያያዝኩና ከላይ «ሁኔታቸው ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የጋራ ሥራችን ያ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እማማ ከስፌት መኪናቸው ሊነሱ ሲሉ ወደቁ። ጎረቤት ነው ያገኛቸው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ከሌላ ከተማ የመጣችው ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች።

«ተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ?»

«አዎ።»

«አራታችሁም ትመጡ ነበር?»

«አራታችንም።»

«አራት ሰው!» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መምህርታችን ባዶ ክፍል ውስጥ አስገቡን። ያያያዝኩትን ሽቦ በጥፍራቸው ነቅለው አራቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደሩና «አንብቡ» አሉ። የፋርማሲዋ ተማሪ እያለቀሰች አነበበች። ሁለቱ ካርቶኖች ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ ዓይነት የግፊት መድኃኒት ነበሩ፤ እማማ በየቀኑ እጥፉን ይወስዱ ነበር። ቀጥሎ የውሃው ነገር ተነበበ። ቀጥሎ ሲነሱ የሚይዛቸው ማዞር። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሕፃን ልጅም ቢሆን ሊወድቁ እንደሚችሉ ያውቃል። የእኔ ተራ ደረሰ። አንድ መስመር ናት።

«የሌሎቹን አላነበብኳቸውም» አልኩ።

መምህርታችን አልተቆጡም። «አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጀው» አሉ ብቻ። ይኸው እስከዛሬ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ ሲለኝ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ከዚያ ወደ እማማ ገባሁ። ትራሱ ላይ አንሰው፣ ጭራሽ ሌላ ሰው መስለው ነበር።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለጓደኞቼ የነገሯቸውን አልሰማኋቸውም።»

«ደህና ነኝ» እንዲሉኝ ተመኘሁ። እንዲህ ያለ ምኞት መመኘቴ ራሱ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«አሞኛል፤ በጣም ነው ያመመኝ» አሉ።

እጃቸውን ያዝኩ። አልከለከሉኝም።

መምህርታችን ከኋላዬ ገብተው ኖሯል። «እማማ፣ ሲሻልዎት ሌሎች ተማሪዎች እመድብልዎታለሁ» አሉ።

«ሌሎች ምን ያደርጉልኛል?» አሉ እማማ። «እነዚህ ቢያንስ ስህተታቸውን እኔ ላይ ጨርሰዋል። አዲሶቹ ገና ሊጀምሩ አይደል!»

መምህርታችን ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ አልሳቅኩም።

እማማ ከሁለት ወር በኋላ በብረት ምርኩዝ እየተደገፉ ቤታቸው ገቡ። አንደኛው ካርቶን ከመሳቢያው ወጣ፤ ውሃ መጠጣት ጀመሩ፤ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ተተከለላቸው። ፔዳሏን የሚረግጠው እግር ግን አልተመለሰም። የሰው ሱሪዎች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። በየሐሙሱ ክምሩ ሲቀንስ አየሁ፤ የመጨረሻው የሄደ ቀን እማማ መኪናዋን በጨርቅ አልብሰው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡ። እኛ ግን አራታችንም ከብበናቸው መቀመጥ ለምደን ነበር። ሊቀ መንበሯ የነርሲንግ ተማሪዋ ሆነች፤ በዚህኛው ጊዜ በምርጫ። እኔ መጨረሻ ነበር የምናገረው።

ልንመረቅ ስንል፣ በመጨረሻው ሐሙስ፣ «እስቲ ስለ እኔ የጻፋችሁትን አንብብልኝ» አሉኝ።

የጋራ ወረቀታችንን አወጣሁ። «ሰባ ስምንት ዓመት። ልብስ ሰፊ። ብቻቸውን ይኖራሉ...»

«ቁም» አሉ። «እዚያች ላይ ‹ከሐሙስ በቀር› ብለህ ጨምር።»

ጨመርኩ። መነጽራቸውን አድርገው አረጋገጡ። አራታችንም ፈረምንበት።

በሳምንቱ ተመረቅንና ሥራ በየአቅጣጫው በተነን። እማማ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ደጃቸውን የረገጥኩባቸው ሐሙሶች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ ጣትም ይተርፋል።