ጋሽ ስብሐት ያጣሩት ግድያ

ስብሐት፦ የጋዜጣዬን ገጽ ሦስት መጠቅለያ አድርገህ ሸጥከው?

ጌቱ፦ የሸጥኩት ነጠላውን ነው። ጋዜጣውን ለገዢዋ በነፃ ነው የሰጠኋት።

ስብሐት፦ ይብሳላ! በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት ነበር እኮ!

ጌቱ፦ አይቻለሁ። ያሰመሩበትን ወደ ውጭ አድርጌ ነው የጠቀለልኩት፤ ጥለት መስሎ አማረ።

[ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች አንዲት የሸማ ሱቅ። ጌቱ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ጋቢ ይሠራል። ጋሽ ስብሐት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የሱቁ ባለቤትም ሠራተኛም አይደሉም፤ ገዝተውም አያውቁም። ከመዝገብ ቤት ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን ፋይል ሲደረድሩ ኖረው፣ አሁን ፋይሉን ራሳቸው መጻፍ ጀምረዋል።

በዚህ ወር ሰፈሩን ሥራ ያስፈታው የሁለቱ ዓቃቤ ሕጎች መገደል ነው። መጀመሪያ ወይዘሪት ቤዛዊት፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አቶ ዮፍታሔ። ሁለቱም በጥይት፣ ሁለቱም በጠዋት፣ ሁለቱም ከቤታቸው ደጃፍ ላይ። ፖሊስ ገዳዩን አልያዘም። ጋሽ ስብሐት ግን አራት ጊዜ ይዘውታል።]

ስብሐት፦ ለመሆኑ ምን እንደጠቀለልክ ታውቃለህ? የሁለት ሰው ነፍስ የጠፋበትን ሞቲቭ!

ጌቱ፦ ሞተሩን?

ስብሐት፦ ሞቲቭ! መነሻ ምክንያት ማለት ነው። ሰው ያለ ሞቲቭ ሰው አይገድልም።

ጌቱ፦ ያለ ሞተርስ?

ስብሐት፦ ያለ ሞተርማ በእግሩ ሄዶ ይገድላል! ስማ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ትእዛዙ የመጣው ከላይ ነው።

ጌቱ፦ [በመስኮቱ ወደ እንጦጦ አንጋጦ] ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው በታች?

ስብሐት፦ ከተራራው አልወጣኝም! ከላይ ስልህ ከትልልቆቹ። ጅቦቹ ናቸው የበሏቸው።

ጌቱ፦ በጥይት ነው የሞቱት አላሉም?

ስብሐት፦ በጥይት ነው።

ጌቱ፦ ታዲያ ጅቡ ሽጉጥ ከየት አመጣ?

ስብሐት፦ ጅብ ማለት ሆዳም ነው! መሬት የሚበላ!

ጌቱ፦ መሬት የሚበላማ ትል ነው፣ ጋሼ።

ስብሐት፦ ኤዲያ!

[ለዚህ ሰው ማውራት ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው ብለው ጋሽ ስብሐት በሆዳቸው ተከዙ። ግን ምን ያድርጉ? ሚስታቸው ብርቅነሽ ገና «ዛሬ የሰማሁት» ሲሉ ሬዲዮ ትከፍታለች። ዝም ብሎ የሚሰማቸው ጌቱ ብቻ ነው።]

ስብሐት፦ ለማንኛውም ጉዳዩ የመሬት ነው። ዛሬ ጠዋት አረጋግጫለሁ። አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ለጓደኛው «ያለ መሬት ደም አይፈስም» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁት።

ጌቱ፦ ማክሰኞ ዕለት እርስዎ አይደሉ እንዴ እዚሁ ተቀምጠው እንደዚያ ያሉት?

ስብሐት፦ ነኛ!

ጌቱ፦ ቃል በቃል?

ስብሐት፦ ቃል በቃል! አየህ፣ እኔም አልኩ፣ እሱም አለ። ሁለት ምንጭ ሆነ!

ጌቱ፦ ሰኞ ግን የፍቅር ነው ብለውኝ ነበር። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር፣ ቀንቶ የገደላቸው ሰው አለ ብለው።

ስብሐት፦ እሱም አልተዘጋም።

ጌቱ፦ እሑድ ደግሞ የወርቅ ነበር።

ስብሐት፦ ወርቁም ክፍት ነው።

ጌቱ፦ ሐሙስ የውጭ እጅ…

ስብሐት፦ የውጭ እጅ መቼም ቢሆን አይዘጋም!

ጌቱ፦ እና ገዳዮቹ ስንት ናቸው?

ስብሐት፦ አንድ ነው። ምክንያቱ ነው የበዛው።

ጌቱ፦ ምስኪን። ለመሬትም፣ ለፍቅርም፣ ለወርቅም፣ ለውጭም ብቻውን ሲሯሯጥ አይደክመውም?

[አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ትልቅ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥላ ከበሩ ላይ ቆመች። ጋሽ ስብሐት ኮታቸውን አስተካከሉ። አዲስ ጆሮ መጣ።]

ሄራን፦ ጤና ይስጥልኝ። ጌቱ የሚባለው…

ስብሐት፦ ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እሱ ሥራ ይዟል፣ እኔን ጠይቂኝ። ነጠላ ነው የፈለግሽው? ለደስታ ነው ለኀዘን?

ሄራን፦ [ትንሽ አመንትታ] ለኀዘን።

ስብሐት፦ ይኸውልሽ! በዚህ ወር ሁሉም ለኀዘን ነው። የዓቃቤ ሕጎቹን ነገር መቼም ሰምተሻል።

ሄራን፦ ትንሽ ትንሽ።

ስብሐት፦ ትንሽ የሰማ ነው የሚሳሳተው። በይ እኔ ልንገርሽ። ገዳዩን አውቀዋለሁ።

[የጌቱ መወርወሪያ ቀጥ አለች።]

ጌቱ፦ ጋሼ፣ ቢተዉት ይሻላል።

ስብሐት፦ አንተ ክርህን ያዝ!

ሄራን፦ ያውቁታል? በስም?

ስብሐት፦ በስም፣ በአባት ስም፣ እስከ አያቱ!

ሄራን፦ [ደብተር አወጣች] እሺ፣ ይበሉኝ።

[ጋሽ ስብሐት ልባቸው ሞቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ አንድ ሰው እንኳ ጽፎላቸው አያውቅም።]

ስብሐት፦ ጻፊ! አንደኛ… ቆይ፣ ንግግሬን የምትጽፊው ጋዜጠኛ ነሽ እንዴ? ከሆንሽ ስሜ በሃሌታው «ሀ» አይደለም፤ በሐመሩ «ሐ» ነው።

ሄራን፦ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ሄራን እባላለሁ፤ ዓቃቤ ሕግ ነኝ። የሁለቱንም ሟቾች መዝገብ የተረከብኩት እኔ ነኝ።

[ጋሽ ስብሐት የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።]

ስብሐት፦ እ… ማለቴ… ነጠላው ለኀዘን ነው ያልሽኝ?

ሄራን፦ ቤዛዊት አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት።

ስብሐት፦ ነፍስ ይማር። ነፍስ ይማር ልጄ።

ሄራን፦ እርስዎ ጋሽ ስብሐት ነዎት ማለት ነው።

ስብሐት፦ በምን አወቅሽ?

ሄራን፦ አሥራ አንድ ጥቆማ ደርሶናል። አንዱ የመሬት ነው ይላል፣ አንዱ የፍቅር፣ አንዱ የወርቅ። ሁሉም «ከታማኝ ምንጭ ሰማሁ» ይላሉ። ሦስት መርማሪዎች ምንጩን ሲከተሉ ከፀጉር ቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ለቅሶ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት ደግሞ እዚህች በርጩማ ላይ ደረሱ። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በዚያ ሁለት ሳምንት ገዳዩን መፈለግ ይችሉ ነበር።

ጌቱ፦ በርጩማዋ የኔ ናት። ግን ተናግራ አታውቅም።

ሄራን፦ አሁንም ካወቁ ግን ጥሩ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ቀርበው ቃልዎን ይስጡ።

ስብሐት፦ እኔ? ኧረ እኔ «ይባላል» ነው ያልኩት!

ሄራን፦ ማን ነው የሚለው?

ስብሐት፦ ሰው።

ሄራን፦ የትኛው ሰው?

ስብሐት፦ [ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ የሚጠቁሙት ሰው አጡ] እኔ።

[እንዲህ ያለ አጭር መልስ ሰጥተው አያውቁም። ሄራን ደብተሯን ዘጋች።]

ሄራን፦ ዮፍታሔ በተመታበት ጠዋት መንገዱ ላይ ሰው ነበር፤ ቢያንስ አሥር ሰው። ሁሉም ለምን እንደተገደለ ሲያወራ ሰንብቷል። ማን እንደገደለው አይቻለሁ ብሎ ጣቢያ የመጣ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስብሐት፦ ማነው?

[ጥያቄው ከአፋቸው አምልጦ ነው የወጣው። ጌቱ ከተቀመጠበት ተነሣ፣ ከጉልበቱ ላይ የጥጥ ብናኝ አራገፈ፣ ከሚስማሩ ላይ ጃኬቱን አወረደ።]

ጌቱ፦ በቃ እንሂድ፣ ወይዘሪት ሄራን። ታክሲ ወረፋ ይኖራል።

ሄራን፦ ጌቱ! እሳቸው ፊት…

ጌቱ፦ ግዴለም። ጋሽ ስብሐት ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አውርተው አያውቁም።

ስብሐት፦ አንተ? አንተ አይተሃል?

ጌቱ፦ ድር ላመጣ በጠዋት ስወርድ ነበር። ሰውየው የራስ ቁሩን አውልቆ ፊቱን ሲጠርግ አየሁት፤ የሞተሩንም ታርጋ በቃሌ ያዝኩ። ድር ስቆጥር ነው የምውለው፣ ቁጥር አይጠፋብኝም።

ስብሐት፦ ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ስለፈልፍ ዝም አልከኝ?

ጌቱ፦ አልጠየቁኝማ። እርስዎ የጠየቁት «ለምን» ነው። «ማን አየ» ብለው አንድ ቀን አልጠየቁኝም።

ስብሐት፦ እኔ እኮ የማይገባህ ሰው ትመስለኝ ነበር።

ጌቱ፦ ለማንም አትንገር ተብዬ ነበር። እርስዎ ሲያወሩ ደግሞ ዝም ማለት አይከብድም፤ ክፍተት አይሰጡም።

[ጋሽ ስብሐት ሄራንን ቀና ብለው አዩዋት። የታላቋ ልጃቸው እኩያ ትሆናለች።]

ስብሐት፦ ልጄ፣ ሁለት ሰው የወደቀበትን መዝገብ ይዘሽ… አትፈሪም?

ሄራን፦ እፈራለሁ። ጠዋት በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆሜ አዳምጣለሁ። ከዚያ እከፍታለሁ። ጋሽ ስብሐት፣ ጌቱ የት እንደሄደ ሰው ከሰማ ሦስተኛው ሟች እሱ ይሆናል። ገብቶዎታል?

ስብሐት፦ ገብቶኛል።

ጌቱ፦ ሱቁን ይጠብቁልኝ።

[ሄዱ። ጋሽ ስብሐት ብቻቸውን ቀሩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ሁሉ ቀድመው አንድ እውነት ይዘዋል። ከጎረቤት ሱቅ ጥልፍ የምትሸጠው ገበያነሽ እንደ ወትሮዋ ለጌቱ የቋጠረችለትን ዳቦ ይዛ ገባች።]

ገበያነሽ፦ ጋሽ ስብሐት፣ ጌቱ ያቺን ቦርሳ የያዘች ሴት ተከትሎ የት ሄደ?

ስብሐት፦ እኔ እንጃ።

ገበያነሽ፦ ምን አሉ?

ስብሐት፦ አላውቅም።

ገበያነሽ፦ [አፏን በእጇ ያዘች] እርስዎ አላውቅም ካሉማ የሆነ ከባድ ነገር አለ! ኧረ ፊትዎም ልክ አይደለም። የዓቃቤ ሕጎቹ ነገር ነው እንዴ? ጌቱ ምን አደረገ?

[ድምጿ መንገድ ድረስ ተሰማ። ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን ይዞ ብቅ አለ፤ የሚላጨውም ሰውዬ ግማሽ ጢሙን ይዞ ከኋላው ቆመ። ጋሽ ስብሐት ዝምታቸው ከወሬያቸው የባሰ እንደሚያወራ ገባቸው። ተነሡ፣ በሩ ላይ ቆሙ፣ ደረታቸውን ነፉ።]

ስብሐት፦ [መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ] ኧረ የምን ዓቃቤ ሕግ! ሠርግ ነው! ጌቱ ሊያገባ ነው! የሄደው አዳራሽ ሊያይ ነው፤ ያቺ ሴትዮ ዲኮር ሠሪ ናት! ጥር ላይ ነው፣ ሁለት መቶ ሰው ተጠርቷል፣ ኬኩ ባለ አራት ፎቅ ነው!

ገበያነሽ፦ [ቀስ ብላ] ጌቱ?

ስብሐት፦ ጌቱ! በአንደበቱ ነው የነገረኝ!

[ፀጉር አስተካካዩ እልል አለ። ገበያነሽ ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ምንም ሳትል ወጣች። ወሬውን ልታዳርስ ነው የሮጠችው ብለው ጋሽ ስብሐት በራሳቸው ኮሩ። ጌቱ የተመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።]

ጌቱ፦ ጋሼ፣ ከታክሲ ከወረድኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ ያቅፈኛል። «ደፈርክ! ጀግና ነህ!» ይሉኛል። አወሩ?

ስብሐት፦ አወራሁ።

ጌቱ፦ [ጃኬቱን ሊሰቅል የዘረጋው እጁ ቆመ] ምኑን?

ስብሐት፦ ሠርግህን። ጥር ላይ ነው።

[ጌቱ አያቸው። ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የነበረው ፍርሃት ከሳቁ ጋር ወጣለት።]

ስብሐት፦ መሰከርክ?

ጌቱ፦ መሰከርኩ። ዛሬ ማታ ይይዙታል ብላለች። ምን እንዳልኩ አይጠይቁኝም?

ስብሐት፦ አልጠይቅም። ከነገርከኝ እኔንም ታውቀኛለህ።

ጌቱ፦ [እየሳቀ ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ] ጋሼ፣ ገበያነሽ ሱቋን በቀን ዘግታለች። በቀዳዳው አየኋት፤ ጥልፉ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

ስብሐት፦ ታለቅሳለች? ደህና አልነበረች እንዴ? ሠርግህን እንኳ ከሁሉ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት።

ጌቱ፦ እና ለምን የምታለቅስ ይመስልዎታል?

[ጋሽ ስብሐት አሰቡ። ባንኮኒው ላይ ያለውን ዳቦ አዩ። አገጫቸውን አሸት አሸት አደረጉ። መሬት አይደለም። ወርቅ አይደለም። ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ።]

ስብሐት፦ እኔ እንጃ።

ጌቱ፦ እኔ አውቃለሁ።

[ዳቦውን አነሣ፤ ፀጉሩን በእጁ አስተካከለ፤ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄዶ በሩን አንኳኳ።]

ስብሐት፦ [ከበሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው] ጌቱ! አንተ ጌቱ! ምክንያቱ ምንድነው? ንገረኝና ሂድ… ለማንም አልናገርም!